እስረኛ መጠየቅ በኢትዮጵያ

እስረኛ መጠየቅ ማለት በፖሊስ ጣቢያ ወይም በማረሚያ ቤት የሚገኝን ሰው ቤተሰቡ፣ ወዳጁ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙ ወይም ጠበቃው ሄዶ ማየትና ስንቅ፣ ልብስ፣ መድኃኒትና ወሬ ማድረስ ነው። የሚሄደው ሰው በተለምዶ «ጠያቂ» ይባላል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 መሠረት መጠየቅ የእስረኛው መብት ነው። በተግባር ግን የቤተሰብ ሥራ በመጠየቅ አያበቃም። ዋስ መፈለግ፣ ጠበቃ ማነጋገር፣ የቀጠሮ ቀን መከታተል፣ ለአሠሪ ማሳወቅ፣ የይግባኝ ጊዜ እንዳያልፍ መጠበቅና ልጆችን መያዝ አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ከእነዚህ ጉዳዮች ብዙዎቹ በሕግ የተወሰነ ጊዜ ስላላቸው፣ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚወሰነው እስረኛው በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ነው።

ይህ ጽሑፍ አጠቃላይ መረጃ እንጂ የጠበቃ ምክር ምትክ አይደለም።

ስያሜና ታሪክ

በአማርኛ እስር ቤት ብዙ ስሞች አሉት። «ወህኒ ቤት» የሚለው ስም በጎንደር ዘመን የነገሥታት ዘመዶች ለዙፋን እንዳይነሡ ተጠብቀው ይኖሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ጋር ይያያዛል። «ከርቸሌ» ደግሞ እስር ቤት ማለት ከሆነ የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን በተለይ የአዲስ አበባው ማዕከላዊ እስር ቤት መጠሪያ ነበር። በዚያው ግቢ «ዓለም በቃኝ» የሚባለው እስር ቤት ይገኝ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣናት፣ የረሸነው እዚያ ነው። ግቢው ከፈረሰ በኋላ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ተሠርቶ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ በሕግ የሚሠራበት ስም «ማረሚያ ቤት» ሲሆን የተፈረደበት ሰው «ታራሚ» ይባላል።

ከዘመናዊው እስር ቤት በፊት «ቁራኛ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይቆዩ ነበር። ተበዳሪውን ከቁራኛ የሚያላቅቀው ብዙ ጊዜ ዋስ የሚሆን ዘመድ ነው። ዋስ መጥራት ዛሬም በቤተሰብ ትከሻ ላይ መሆኑ ከዚህ ልማድ ጋር ይመሳሰላል።

እስረኛ መጠየቅ ከሃይማኖትም ጋር የተሳሰረ ነው። በክርስትና በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ከተዘረዘሩት የምሕረት ሥራዎች አንዱ የታሰረን መጠየቅ ነው። በእስልምናም ቁርኣን (76፡8) ምርኮኛን ማብላትን በበጎ ሥራ ይጠቅሳል። በዓል ሲደርስ ዘመድ ላልሆነ እስረኛ ጭምር ምግብ ይዞ የሚሄድ ሰው የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስንቅ ሌላም ትርጉም የነበረው ዘመን አለ። በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ቤተሰቦች የልጃቸውን ወይም የባላቸውን መገደል የተረዱት፣ በር ላይ ያደረሱት ስንቅ ሳይገባ ሲመለስ ወይም የእስረኛው ልብስ ሲሰጣቸው ነው። ብዙ አረጋውያን ዘንድ ስንቅ አለመቀበል ዛሬም ከፍተኛ ድንጋጤ የሚያስከትለው ስለዚህ ነው።

የእስር ደረጃዎች

አንድ ሰው ከተያዘበት ቀን አንስቶ በሦስት ደረጃዎች ሊያልፍ ይችላል።

1. በምርመራ ላይ፦ ሰውዬው በፖሊስ ጣቢያ ወይም በምርመራ መምሪያ ይቆያል። ገና ክስ የለም። ቤተሰብ የሚያነጋግረው መርማሪውን ፖሊስና የጣቢያውን ኃላፊ ነው። በአዲስ አበባ «ማዕከላዊ» በሚል ስም ይታወቅ የነበረው የፌዴራል ወንጀል ምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል።

2. በቀጠሮ ላይ፦ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሥርቶ ሰውዬው ፍርድ ይጠባበቃል። ዋስትና ካልተፈቀደለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኘው ቂሊንጦ በዋናነት በቀጠሮ ላይ ያሉ ሰዎች የሚቆዩበት ሆኖ ይታወቃል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው በሕግ ፊት ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው።

3. የተፈረደበት፦ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ቅጣት ወስኖበታል። ከዚህ በኋላ የቤተሰብ ዋና ጥያቄዎች ይግባኝ፣ አመክሮና ይቅርታ ይሆናሉ።

የፌዴራል ማረሚያ ቤት ኮሚሽን ከሚያስተዳድራቸው መካከል ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ፣ ዝዋይ፣ ሸዋ ሮቢትና ድሬዳዋ ይገኙበታል። አሠራራቸውን የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1174/2012 ነው። ክልሎች የራሳቸው ማረሚያ ቤቶች ስላሏቸው የመጠየቂያ ቀንና ሰዓት ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ማረሚያ ቤቱ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። ላለመናገርም መብት አለው። በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ ግን ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት የለውም።

ሰው መያዙን የሰማ ቤተሰብ የሚከተሉትን መዝግቦ መያዝ ይጠቅመዋል፦

- የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤
- የያዘው አካል (የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ የፌዴራል ፖሊስ፣ የክልል ፖሊስ)፤
- አሁን ያለበት ጣቢያ ስም፤
- የመርማሪው ስምና የምርመራ መዝገብ ቁጥር፤
- የሚቀርብበት ፍርድ ቤትና ችሎት፣ እንዲሁም የቀጠሮ ቀን።

የመዝገብ ቁጥሩ ከሁሉም ይበልጣል። ጠበቃም ሆነ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጉዳዩን በቀላሉ የሚያገኘው በእሱ ነው።

ያለበት ቦታ ካልታወቀ መጀመሪያ የሚጠየቀው የተያዘበት አካባቢ ጣቢያ ነው። ቀጥሎ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያም የፌዴራል ፖሊስ ወንጀል ምርመራ ይጠየቃል። ፖሊስ ሰውዬውን በጊዜው ፍርድ ቤት ካላቀረበው «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ይህን መብት አንቀጽ 19 ያረጋገጠው ሲሆን ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 ጀምሮ ይገኛል። አቤቱታው በመሐላ በተረጋገጠ ጽሑፍ ይደገፋል። ጽሑፉ ሰውዬውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የት እንደያዘውና ይህን የሚያውቁ ምስክሮችን ስም ይገልጻል። እስረኛው ራሱ ማቅረብ ካልቻለ ምክንያቱን በመግለጽ ሌላ ሰው በስሙ ሊያቀርብለት ይችላል።

ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ፍርድ ቤቱን ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል፤ ይህ «ጊዜ ቀጠሮ» ይባላል። በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም። ግን በተደጋጋሚ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ «14 ቀን ሲሞላ ይፈታል» ብሎ መጠበቅ የለበትም። ይልቅ በየቀጠሮው ጠበቃው ፖሊስ በተሰጠው ጊዜ ምን እንደሠራ እንዲያስረዳ ሊጠይቅ ይችላል። ምርመራው አልቆ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ከደረሰ በኋላ፣ ዐቃቤ ሕግ ክስ የሚመሠርት ከሆነ በ15 ቀን ውስጥ መመሥረት እንዳለበት የዚሁ ሕግ ቁጥር 109 ይደነግጋል።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ግን የ48 ሰዓቱ መብት ሊታገድ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በማናቸውም ሁኔታ የማይገደቡት አንቀጾች ጥቂት ሲሆኑ፣ አንቀጽ 19 ከእነሱ ውስጥ የለም። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን አይገደብም።

ዋስትና

ዋስትና ሰውዬው ከእስር ውጭ ሆኖ ጉዳዩን እንዲከታተል የሚያስችል ነው። በሁለት ቦታ ሊጠየቅ ይችላል። ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ ካጠራጠረ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ፖሊስ እምቢ ካለ ጥያቄው ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ፍርድ ቤቱም በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል።

በቁጥር 63 መሠረት ወንጀሉ በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነና ተጎጂው ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም። ከዚህ ውጭ በሆኑ ጉዳዮችም በቁጥር 67 መሠረት ዋስትና በሦስት ምክንያቶች ሊከለከል ይችላል፦ ግዴታውን አያከብርም ተብሎ ሲገመት፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ሲባል፣ ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲታመን። ቤተሰብ ለጠበቃው ሊያቀርብ የሚችለው ጠቃሚ ማስረጃ ከእነዚህ ጋር የሚገናኘው ነው፤ ይኸውም የቋሚ መኖሪያ ማስረጃ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት የሚያሳይ ሰነድና የሕክምና ወረቀት ነው። በሙስናና በሌሎች በልዩ ሕግ በሚታዩ ወንጀሎች ደግሞ ጠበቅ ያሉ ተጨማሪ ገደቦች አሉ።

ዋስትናው በጥሬ ገንዘብ፣ በደመወዝ ዋስ፣ በቤት ካርታ ወይም በመኪና ሊብሬ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀበለውን ዓይነትና መጠን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ዋስ የሚሆን ሰው ሊያውቀው የሚገባው፣ እስረኛው በቀጠሮው ካልቀረበ ያስያዘውን ሊያጣ እንደሚችል ነው። በጥሬ ገንዘብ የተያዘ ዋስትና ጉዳዩ ሲዘጋ ስለሚመለስ ደረሰኙ በጥንቃቄ መቀመጥ አለበት። ዋስትና ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ለበላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል።

የዋስትና ገንዘብ የሚከፈለው ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ ለተፈቀደለት አካል በደረሰኝ ብቻ ነው። ስልክ ደውሎ «ይህን ያህል ላኩና ዛሬ ማታ ይፈታል» የሚል ሰው አታላይ ነው፤ በውስጥ ያለ ሠራተኛ ቢሆን እንኳ የሚጠይቀው ጉቦ ነው።

የመጠየቅ መብት

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለም ሆነ የተፈረደበት ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘትና በእነሱ የመጎብኘት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። መብቱ በፖሊስ ጣቢያም ይሠራል። «ምርመራ ላይ ስለሆነ አይታይም» የሚለው መልስ ለጠበቃም ለቤተሰብም በተደጋጋሚ የሚሰጥ ቢሆንም፣ አንቀጹ በምርመራ ላይ ያለውንና የተፈረደበትን አይለይም። እንዲህ ሲያጋጥም ጉዳዩን በሚቀጥለው ቀጠሮ ለዳኛው በችሎት ማስመዝገብና ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል።

የተባበሩት መንግሥታት በ2008 ዓ.ም. አሻሽሎ ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ «የማንዴላ ደንቦች» የሚባለው፣ በቤተሰብ ረገድ የሚከተሉትን ያስቀምጣል፦

- እስረኛው መታሰሩን፣ ወደ ሌላ ቦታ መዛወሩንና ከባድ ሕመም ወይም ጉዳት እንደደረሰበት ለቤተሰቡ ወዲያውኑ የማሳወቅ ዕድል ይኖረዋል (ደንብ 68)፤
- በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ ይታሰራል (ደንብ 59)፤
- ከቤተሰብ ጋር መገናኘትን መከልከል ለዲሲፕሊን ቅጣት አይውልም፤ ለተወሰነ ጊዜና ለጸጥታ የግድ ሲሆን ብቻ ሊገደብ ይችላል (ደንብ 43)፤
- ከጠበቃው ጋር ሲነጋገር ጠባቂ ሊያየው ይችላል፣ ሊሰማው ግን አይችልም (ደንብ 61)።

የቦታ ጉዳይ ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። እስረኛ ወደዚያ ሲዛወር በየሳምንቱ ይጠየቅ የነበረው ሰው በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ሊጠየቅ ይችላል። የዝውውር ጥያቄ እስረኛው ራሱ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በጽሑፍ የሚያቀርበው ሲሆን፣ የታመመ ወላጅ ወይም ሕፃን ልጅ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ከቤተሰብ ይመጣለታል።

ጠያቂ መታወቂያ መያዝ አለበት። ሲገባ ይፈተሻል፣ ስሙና ከእስረኛው ጋር ያለው ዝምድና ይመዘገባል። ስልክና ቦርሳ ብዙ ጊዜ በር ላይ ስለሚቀር ባዶ እጅ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል። ሴት ጠያቂን የምትፈትሽ ሴት መሆን አለባት። ንግግሩ በጠባቂ ፊት ስለሆነ ስለ ክሱ ዝርዝር ማውራት አይመከርም፤ ይህ ለጠበቃው የሚተው ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ ጥየቃ ሊቋረጥ ይችላል፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ነበር።

ስንቅና ዕቃ

መንግሥት እስረኛን የመመገብ ግዴታ አለበት፤ ማረሚያ ቤቶችም በቀን ምግብ ያቀርባሉ። ያም ሆኖ ብዙ እስረኞች ከቤት በሚመጣ ስንቅ ይደጉማሉ፤ በፖሊስ ጣቢያ ደግሞ በቤተሰብ ምግብ ላይ ያለው ጥገኝነት ይብሳል። ጠያቂ የሌለው እስረኛ ከሌሎች ጋር ተካፍሎ መብላቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁለትና ለሦስት የሚበቃ ይይዛል።

በተለምዶ የሚታዩ ነገሮች፦

- ምግቡ በምሳ ዕቃ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ይያዛል። ብርጭቆ፣ ጠርሙስ፣ ቢላና ሹካ አይገባም።
- ያመጣው ሰው በር ላይ እንዲቀምሰው ይታዘዛል። ጾመኛ ሰው የፍስክ ምግብ ይዞ ሲሄድ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።
- ወጥና እንጀራ ሊበተን ስለሚችል ለፍተሻ በሚመች መንገድ ማሰናዳት ይሻላል። ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ድርቆሽ ቶሎ ስለማይበላሹ ለሩቅ ማረሚያ ቤት ይመረጣሉ።
- መጠጥ፣ ጫት፣ ሲጋራና ስልክ ይዞ መግባት ጠያቂውን ሊያሳግድ፣ አንዳንዴም ሊያስከስስ ይችላል።
- ገንዘብ በእጅ ከመስጠት ይልቅ በማረሚያ ቤቱ አሠራር አስመዝግቦ ማስገባት ይገባል።
- መጽሐፍ ይመረመራል፤ ምርመራው ቀናት ሊወስድ ይችላል።
- ልብስ ሲላክ የወታደርና የፖሊስ ልብስ የሚመስል ቀለም መራቅ ይገባል።

ጤና

በማንዴላ ደንብ 24 መሠረት እስረኛ የሚያገኘው ሕክምና በውጭ ካለው ሕዝብ ደረጃ ማነስ የለበትም፣ ያለ ክፍያም መሆን አለበት። ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ወይም ለኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲታሰር ዋናው አደጋ የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ይዞ ሊሄድ የሚገባው ከስንቁ እኩል የሕክምና ካርዱን፣ የሐኪም ማዘዣውንና ከነማሸጊያው ያለውን መድኃኒት ነው። ከማሸጊያው የወጣ እንክብል በጠባቂዎች ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ ትንሽ ነው። ጣቢያው ካልተቀበለ ጉዳዩ በችሎት ለዳኛ ሊነገር ይችላል።

ጠበቃ

በአንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት አለው። ለመክፈል አቅም ካጣና ያለ ጠበቃ ቢቀር ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ደግሞ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል። ይህን አገልግሎት የሚሰጡት በፍርድ ቤቶች ሥር ያሉ የተከላካይ ጠበቆች ቢሮዎች ናቸው፤ ጥያቄው ለዳኛው በችሎት ይቀርባል። ከዚህ ሌላ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ይሠራሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለሴቶች ነጻ ምክር ይሰጣል። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ ቤተሰብ ገብቶ መከታተል ይችላል።

ሥራ፣ ንብረትና ውክልና

ብዙ ቤተሰብ ዘግይቶ የሚያውቀው የሥራ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ ቢታሰር የሥራ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ለዚህ ግን አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ እንዲያውቅ መደረግ አለበት፣ ወይም መታሰሩን ያውቃል ተብሎ የሚገመት መሆን አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ለአሠሪው የጽሑፍ ማስታወቂያ ሰጥቶ ቅጂው ላይ የተቀበለበትን ማኅተምና ቀን ማስመዝገብ የሰውዬውን ሥራ ሊያተርፍ ይችላል። ሠራተኛው ተፈርዶበት ከ30 ቀን በላይ ከሥራ ከቀረ ግን አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ።

የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳትና የመኪና ጉዳይ በእስረኛው ስም ከሆነ ቤተሰብ ያለ ውክልና ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። እስረኛ ውክልና መስጠት ይችላል። ሰነድ የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄዶ እንዲያስፈርም ማመልከት ይቻላል። በሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ስለሚያገለግል፣ ንብረት ለመሸጥ ወይም ለመበደር ይህን በግልጽ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል።

ልጆች

ሕፃናት ከታሰረች እናታቸው ጋር በማረሚያ ቤት የሚያድጉበት ሁኔታ በኢትዮጵያ አለ። ሕፃኑ እስከ ስንት ዓመት አብሮ መቆየት እንደሚችልና ከዚያ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በየማረሚያ ቤቱ ሕግና በልጁ ጥቅም ነው። የባንኮክ ደንቦች የሚባሉት የሴት እስረኞች ዓለም አቀፍ ደንቦች (2003 ዓ.ም.) ከእናታቸው ጋር የሚኖሩ ልጆች እንደ እስረኛ እንዳይታዩ ያዛሉ። ልጁን ለመረከብ የሚያስብ ዘመድ ጊዜው ከመድረሱ በፊት በየጊዜው እየጠየቀ ቢያለማምደው መለያየቱ ይቀላል።

በውጭ ላለ ልጅ አባቱ ወይም እናቱ «ሩቅ አገር ሄደዋል» ማለት የተለመደ ነው። ልጁ ግን እውነቱን ከትምህርት ቤት ወይም ከሠፈር መስማቱ ስለማይቀር፣ ሲሰማ በመታሰሩ ብቻ ሳይሆን በመዋሸቱም ያዝናል። ዕድሜውን በሚመጥን አጭር ቃል እውነቱን መናገር፣ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ማረጋገጥና ሊጠይቅ ሲሄድ ፍተሻውን አስቀድሞ ማስረዳት ይረዳዋል።

ይግባኝና አመክሮ

በወንጀል ጉዳይ ይግባኝ የሚል ሰው ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ይግባኝ እንደሚል ማስታወቅ አለበት። የፍርዱን ግልባጭ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማመልከቻውን ያቀርባል። የታሰረ ሰው ይህን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማድረግ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በቂ ምክንያት አቅርቦ ማስፈቀድ ያስፈልጋል።

አመክሮ ታራሚው ቀሪ ቅጣቱን በውጭ ሆኖ በቅድመ ሁኔታ እንዲፈጽም የሚለቀቅበት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ የዕድሜ ልክ እስራት ከሆነ 20 ዓመት የፈጸመ ታራሚ ሊጠቀምበት ይችላል። መልካም ጠባይ ማሳየትና በሚችለው መጠን ተጎጂውን መካስ ይጠበቅበታል። ከፍርድ በፊት የታሰረበት ጊዜ ከቅጣቱ ይታሰብለታል።

ለምሳሌ ጥር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተይዞ በዋስ ሳይወጣ ቆይቶ፣ ጥር 10 ቀን 2013 ዓ.ም. 9 ዓመት የተፈረደበት ሰው ቢኖር፦

- ቅጣቱ የሚቆጠረው ከተያዘበት ከጥር 10 ቀን 2012 ነው፤
- የ9 ዓመት ሁለት ሦስተኛ 6 ዓመት ስለሆነ አመክሮ የሚታይለት ከጥር 10 ቀን 2018 በኋላ ነው፤
- ሙሉ ቅጣቱ የሚያልቀው ጥር 10 ቀን 2021 ነው።

አመክሮ በራሱ የሚመጣ ሳይሆን የሚወሰን ነው። በዲሲፕሊን ጥፋት የተቀጣ ታራሚ ሊያጣው ይችላል። ቤተሰብ የሚያሰላው ቀን እንግዲህ የመፈቻ ቀን ሳይሆን ማመልከት የሚቻልበት ቀን ነው።

ይቅርታና ምሕረት

ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ሲሆን ቅጣቱን በሙሉ ወይም በከፊል ያስቀራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ሲሆን ሥርዓቱ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 ተደንግጓል። ጥያቄውን ታራሚው ራሱ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ወኪሉ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብ ይችላል። ምሕረት ደግሞ በአዋጅ ለተወሰኑ ወንጀሎች የሚሰጥ ሲሆን ያልተከሰሰንም ይጨምራል፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የምሕረት አዋጅ ምሳሌ ነው። ክልሎችም በራሳቸው ሕግ ይቅርታ ይሰጣሉ።

ይቅርታ ብዙ ጊዜ በአዲስ ዓመትና በሌሎች በዓላት ዋዜማ በጅምላ ይታወጃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በማረሚያ ቤቶች የኮሮና ስርጭትን ለመቀነስ ከ4 ሺህ በላይ ታራሚዎች በይቅርታ ተለቀዋል። በአንቀጽ 28 መሠረት ግን በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች፣ እንደ ዘር ማጥፋትና ማሰቃየት ያሉት፣ በይቅርታም በምሕረትም አይታለፉም።

አቤቱታ

አያያዝን የሚመለከት ቅሬታ መጀመሪያ ለማረሚያ ቤቱ ወይም ለጣቢያው ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለኮሚሽኑ ይቀርባል። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ላይ ካለ ለዳኛው ሊነገር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እስር ቤቶችን ይጎበኛል፣ የቤተሰብ አቤቱታም ይቀበላል። ዘመዱ የጠፋበት ቤተሰብ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን ማነጋገር ይችላል፤ ማኅበሩ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ ይሠራል። አቤቱታ ሲጻፍ ቀን፣ ሰዓትና የሆነውን ነገር ብቻ መጻፍ፣ ቅጂውንም ማስቀረት ይጠቅማል።

በውጭ አገር የታሰረ ዘመድ

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 በውጭ አገር የታሰረ ሰው ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው ያዛል። እስረኛው ይህን መጠየቅ እንደሚችል ላያውቅ ስለሚችል ቤተሰብ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወይም በዚያው አገር ባለው ኤምባሲ በኩል ማሳወቅ ይችላል። የፓስፖርት ቅጂ፣ ሙሉ ስምና የመጨረሻው አድራሻ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው ሰውዬው በወንጀል ነው ወይስ በመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የታሰረው የሚለው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ በጅዳ አቅራቢያ እንደሚገኘው ሹሜይሲ ያሉ ቦታዎች ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚቆዩባቸው ናቸው፤ እዚያ ያለ ሰው የሚያስፈልገው በመጀመሪያ የጉዞ ሰነድ ነው። በወንጀል የተከሰሰ ግን ጠበቃና አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የተያዘን ሰው የመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት መፈለጊያ በውጭ ዜጋ መለያ ቁጥሩና በትውልድ አገሩ ያሳያል። በዚያ አገር ከቤት የተሠራ ምግብ ማስገባት አይቻልም። ቤተሰብ የሚረዳው በእስረኛው ስም ገንዘብ በማስገባት ሲሆን በስልክ የሚደረግ ንግግርም በአብዛኛው ይቀዳል።

መፈታት

እስረኛ ሲፈታ የመፈቻ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ በኬላ ፍተሻ ላይ፣ ወደ ሥራ ለመመለስና መታወቂያ ለማሳደስ ስለሚያስፈልግ ቅጂው መቀመጥ አለበት። በማረሚያ ቤት የተማረ ወይም የሙያ ሥልጠና የወሰደ ሰው የምስክር ወረቀቱን፣ በእስር ላይ እያለ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ካለም ሒሳቡን ከመውጣቱ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። በአመክሮ ወይም በቅድመ ሁኔታ የወጣ ሰው የተሰጠውን ግዴታ ቤተሰቡም ቢያውቀው ይመረጣል፤ ግዴታውን ከጣሰ ቀሪውን ቅጣት ሊፈጽም ሊመለስ ይችላል።